ፊሽካ የሌለው ውድድር

ዋና የተማርኩት ገንዳ ውስጥ አይደለም፤ ሸዋ ሮቢት፣ ሮቢ ወንዝ ላይ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እናቴ እንዳልሄድ ልብሴን ትደብቅ ነበር፤ ራቁቴን እሄዳለሁ። በኋላ በክልል ውድድር በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አንደኛ ወጣሁ። ሜዳሊያው ዛሬም እናቴ ቡፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ጋር ተቀምጧል። በዋና እንጀራ አልተገኘምና ሕግ ተማርኩ፤ ፈቃድ አውጥቼ ደብረ ብርሃን ቢሮ ከፈትኩ። ብርዱን ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ዋና ለጥብቅና ምን ጠቀመህ ሲሉኝ "ጽናት" እያልኩ አልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጎድቶኛል። ገንዳ ላይ ሰዓቱን የሚይዝልህ ሌላ ሰው ነው። ፊሽካ ሲነፋ ትዘላለህ፤ ከዚያ በፊት የቆምክበት አይቆጠርብህም።

ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ አንድ ሽማግሌ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጠው ከደብረ ሲና መጡ። በድንበር ክርክር ወረዳ ፍርድ ቤት ተረትተዋል። የውሳኔውን ግልባጭ ያነሳሁት ፍርዱ በተሰጠ በ9ኛው ቀን ነበር፤ ለይግባኝ የተፈቀደውን 60 ቀን ከዚያ ጀምሬ ቆጠርኩ። ግልባጩ ፊሽካ መሰለኝ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 ግን የሚቆጥረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ነው። ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኙን ይዤ ስቀርብ 66ኛው ቀን ሆኗል፤ ሬጅስትራሩ አንዴ አይቶ መለሰብኝ።

ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዲፈቀድ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ፣ ማስፈቀጃ፣ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አንቀጽ 326 በቂ ምክንያት ይጠይቃል፤ የጠበቃ ጥፋት ደግሞ በቂ ምክንያት አይደለም። ከእኔ ጥፋት ሌላ ምክንያት አልነበረም። አንድ ባልደረባዬ "ታመው ነበር በል" አለኝ። ሽማግሌው ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናቸው! ወረቀቱን አጥፌ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

ገንዳ ላይ ብዘገይ የምሸነፈው እኔ ነበርኩ። እዚህ የእሳቸው መሬት ሄደ። የከፈሉኝን ገንዘብ ስመልስላቸው ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና "አንተ ልጅ፣ ለምን ዋሸኸኝ እንዳልል አልዋሸኸኝም" ብለው መኪና ተራ ድረስ ሸኙኝ።

አሁን ፍርድ ሲነበብ ከግቢው ሳልወጣ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ከጎኑ 45ኛውን ቀን በቀይ። የእኔ የመጨረሻ ቀን እሱ ነው። ጸሐፊዬ ቀዩን ስታይ "ዋናተኛው፣ ግድግዳው ደረሰ" ትለኛለች።