የመድረኩ ማጀት

ቡናው የተቆላው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የኖቬምበር ብርድ ነበር። በጥቁር ልብሴ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቤ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብያለሁ። የጎን በሩን ይዞ የቆመው ልጅ ከውስጥ የሚባለውን በስልክ እየሰማ ይነግረኛል። «መጋረጃው ተዘጋ!» ሲለኝ ምጣዱን አንስቼ ሮጥኩ።

ይህ ሁሉ ሩጫ የመጣው ከሳምንት በፊት በገጠመን ነገር ነው። በቴአትራችን የመጨረሻ ልምምድ ቀን የቡናው ትዕይንት ላይ ዕጣን አጨስን። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ የአዳራሹ የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሁላችንም ወደ ውጭ ወጣን። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ኃላፊ መድረክ ላይ እሳት የሚባል ነገር እንዳላይ አለ። ልክ ነው። ጨርቅ የተንጠለጠለበት፣ እንጨት የቆመበት፣ ሰው የሞላበት ቤት ነው። የመኪና ማቆሚያውን ጥግ ግን ፈቀደልን።

መድረክ ላይ ያለውን ምድጃ በባትሪ በሚሠሩ ትንንሽ ሻማዎች ሞላነው። ብርቱካናማዎቹን መርጠን በከሰሉ መሃል ሸጎጥናቸው። ከሩቅ ሲያዩት የተያያዘ ፍም ነው። ሽታ ግን የለውም። ሽታ የሌለው ቡና ለሐበሻ ተመልካች ምን ይሆናል? እውነተኛውን ቡና ውጭ ቆልተን ጭሱ ረገብ ሲል እናስገባው ያልነው ለዚህ ነው።

መጋረጃው ሲከፈት ተዋናይዋ ምጣዱን ይዛ ወደ መድረኩ ጫፍ ተጠጋች። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው ጭሱን ወደ ፊታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። ልክ ጎረቤት ቤት ቡና እንደተጠሩ ሁሉ። አጠገባቸው ያሉትም ተከተሏቸው። ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ ሳያቸው እንባዬ መጣ። የአምስት ወር ልፋቴን ያገኘሁት እዚያች ላይ ነው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ወደ ቴአትሩ የገባሁት በመሶቤ ምክንያት ነው። ለመድረክ የሚሆን መሶብ ሲፈልጉ ሰው ወደ እኔ ላካቸው። እናቴ የሰፋችው መሶብ ስለሆነ አብሬው ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ። አሁን የመድረክ ዕቃ የሚባለው ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ነው። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ጋቢው፣ የሽማግሌው ከዘራ፣ ከአገር ቤት የመጣው ደብዳቤ።

በዚህ አካባቢ የአማርኛ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ተዋናይትና ገጣሚ ዓለምፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችው ጣይቱ የባህል ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። እንደኛ ያሉ ትንንሽ ቡድኖችም በየቤዝመንቱ ይሰባሰባሉ። የእኛ ልምምድ እሁድ ማታ፣ ሰው ሥራ ሲወጣ ነው። ምንጣፉ ላይ በሰማያዊ ፕላስተር በሩን፣ አልጋውን፣ መስኮቱን እናሰምራለን። ዋናው ተዋናይ ኡበር ይነዳል። እናቱን ሆና የምትጫወተው ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ከገባች ቃለ ተውኔቷን ሌላ ሰው ያነብላታል። አንዱ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ እዚያው ይለማመዳል።

የዕቃ አያያዝ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ድሮ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት የመድረክ ሠራተኛ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግተው የእያንዳንዱን ዕቃ ጠርዝ በእርሳስ አስከበቡኝ። ጀበናው የሚቀመጥበት ክብ፣ ከዘራው የሚጋደምበት መስመር። «ጨለማ ውስጥ ዓይንሽን አትመኚ፤ እጅሽ ይወቀው» አሉኝ። ዕቃው ከመድረክ ሲመለስ ወደ ሥዕሉ ይገባል። ሥዕሉ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ጥቁር የምንለብሰውም በእሳቸው ትእዛዝ ነው።

ጋሼ ስለ ብሔራዊ ቴአትር ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተ ቤት ነው። እዚያ መብራቱም፣ ልብሱም፣ አናጺውም የራሱ ባለሙያ አለው። አንድ ተውኔት ከወደዱት በየሳምንቱ ለወራት ይታያል። የመጀመሪያው ቀን ቢበላሽ ሳምንት ይታረማል። እኛ አምስት ወር ተለማምደን አንድ ምሽት ነው ያለን። ያቺ ምሽት ካመለጠች አመለጠች።

ከተዋናዮቹ አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እዚሁ ነው የተወለደችው። ቃሏን በላቲን ፊደል ጽፈንላት «ጠ»ን እና «ጨ»ን ስንት ሳምንት አስጠናናት። አንድ ቀን «ማጀት ምንድን ነው?» አለችኝ። እቤት ውስጥ እንግዳ የማይገባበት፣ ምግቡ የሚሰናዳበት ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከኋላ የተኮለኮለውን ዕቃ አሳየችኝ። «እንደዚህ?» አለች። አዎ፣ እንደዚህ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

እትዬ የምንላቸው አንዲት ሴት አሉ። ስድሳ አልፏቸዋል። ሙሉ ተውኔቱ ውስጥ ያላቸው አንድ ትዕይንት ነው፤ 12 ደቂቃ። ጎረቤት ናቸው። ልጁ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል በሶና በርበሬ በፌስታል ይዘው ይመጡና ይመርቁታል። ቃላቸውን ስልካቸው ላይ ቀድተው አውቶቡስ ውስጥ ያዳምጡ ነበር። የሚንከባከቧቸው አሜሪካዊት አሮጊት ፊት ሳይቀር ተለማምደዋል። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይገባቸው መጨረሻው ላይ «አሜን» አሉ ብለው ሲነግሩን ደስታቸውን አልረሳውም።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው ከቀኑ 5 ሰዓት ነው፤ እዚህ አገር እንደሚቆጠረው። በ5 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው አይሞላም ነበር። 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ባዶ ነው። በር ላይ ያሉት ልጆች «ደርሰናል፣ ፓርኪንግ እየፈለግን ነው እያሉ ነው» ይሉናል። የጀመርነው 6፡35 ላይ ነው። አዳራሹ ደግሞ 9፡30 ላይ ይቆለፋል፣ ከዚያ በፊት መድረኩን አፍርሰን፣ ጠርገን፣ ጭነን መውጣት አለብን። ካለፈ የሚጨመረውን ኪራይ የምንከፍልበት ገንዘብ አልነበረንም።

በሁለተኛው ገቢር መሃል አዘጋጃችን ሰዓቱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ እትዬ ወደቆሙበት ሄደ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፌስታሉን ይዘው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር። ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩትና «ይሁን፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ፌስታሉን አምጥተው እኔ ወረቀት ላይ በሥዕሉ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ መጥረጊያ አንስተው መድረክ የሚፈርስበትን ሰዓት መጠበቅ ጀመሩ።

አዘጋጁን አልወቅሰውም፤ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ግን ዘግይቶ የመጣው ሕዝባችን ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ። ሁላችንም «የሐበሻ ሰዓት» እያልን እንስቃለን። ያ ሰዓት የሚቆረጠው ግን ከሰው ላይ ነው። ያን ቀን የተቆረጠው ከእትዬ ላይ ነው። ተመልካቹ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሳቸው ከኋላ ጨርቅ እያጠፉ ነበር።

9፡25 ላይ ወጣን። ቫኑን ስንጭን ውጭ የተውኩት ምድጃ ፍሙ ገና አልሞተም። ቡናውን እዚያው አፍልቼ በወረቀት ኩባያ አደልኩ። ሰው ሁሉ በብርዱ ዙሪያውን ቆመ። ዋናው ተዋናይ ፊቱ ላይ ያለውን ሜካፕ ገና አላጠበም። ድንገት ወደ እትዬ ሄዶ «እኔ እኮ ሳልመረቅ ነው የሄድኩት» አላቸው።

እትዬ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ጋሼ «ኧረ በሉ፣ ሰዓት የሚቆጥር የለም» አሏቸው። ሮጬ ፌስታሉን ከሣጥን አወጣሁላቸው። ጃኬታቸውን አወለቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጁ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ያቺ ትንሽ ልጅ የስልክ መብራት ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ሂድ ልጄ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው ጀመሩ። «የሄድክበት አገር ሰው ይውደድህ። እጅህ የነካው ይባረክ። የእናትህን ደጅ አያስረሳህ። ቆሜ እንደሸኘሁህ ቆሜ ልቀበልህ።» አንድ ቃል አልሳቱም።

ማንም ተውኔት ላይ ያለ አይመስልም ነበር። ነርሷ አፏን በነጠላ ይዛለች። ከመካከላችን አገሩን ከለቀቀ ሃያ ዓመት ያለፈው አለ፣ እናቱን ሳይቀብር የቀረም አለ። ሁላችንም «አሜን» አልን።

ከዚያ የአዳራሹ ኃላፊ በሩን ቆልፎ እጁን አወዛወዘልን። ፍሙ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ምድጃው እስኪበርድ ጠብቄ ከመሶቡ አርቄ ጫንኩት።