ሌንሴ አልተመታም ነበር

ነገሩ የጀመረው በደመራ ዕለት ነው። መስቀል አደባባይ፣ መሸት ሲል። አንዲት ልጅ ጧፍ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ የሕዝቡ ጧፍ እስከ ዳር ድረስ ተበትኗል። ያገለገለች ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረችኝ። የሌንሷን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቼ ልጅቷን አነሳኋት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል።

ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳየው የልጅቷ ፊት ጥርት ብሏል። ከኋላዋ ያለው ብዥታ ግን ግራ አጋባኝ። መሃል አካባቢ ያሉት መብራቶች ክብ ናቸው። ወደ ዳር ያሉት ደግሞ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፋቸው ሾሏል። በልጅቷ ዙሪያ እስክስታ የሚወርዱ ነው የሚመስሉት። ኤፍ 2.8 ላይ ያነሳሁትን ስከፍት ደግሞ ያው ጧፍ ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ!

ካሜራ ለሚጠግን አንድ ሰው አሳየሁት። አላመነታም። "ሌንሱ ተመቷል፣ ይፈታል" አለኝ። የነገረኝ ዋጋ ሌንሷን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ዋጋው ባይከብደኝ ኖሮ አስፈትቻት ነበር።

ማታ ሳሎን ውስጥ የራሴን ሙከራ ጀመርኩ። የስልኬን መብራት በፎይል ሸፍኜ በመርፌ በሳሁት። ስልኩን ከግድግዳው ጥግ አቁሜ መብራት አጠፋሁ። ካሜራውን ግማሽ ሜትር አካባቢ ላይ ፎከስ አድርጌ በዚያው ተውኩት። ያቺ የመርፌ ቀዳዳ ትልቅ ክብ ሆና ታየችኝ። ከዚያ ካሜራውን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ክቡ ወደ ፎቶው ጥግ በሄደ ቁጥር ከሁለት ጎኑ ይነከሳል። በአራቱም ጥግ እኩል ነው የሚነከሰው። እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬ የገባኝ። የተመታ ሌንስ በአንድ በኩል ይብሳል እንጂ እንዲህ ተስተካክሎ አይበላሽም።

ጠዋት ሌንሷን ከካሜራው ፈትቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። ፊት ለፊት ሳያት ቀዳዳዋ ክብ ነው። ትንሽ ዘንበል ሳደርጋት የፊተኛው ጠርዝና የኋለኛው ጠርዝ ተደራረቡ። መሃል የቀረው ክፍት ቦታ ሎሚ ሆነ። ያው የማታው ሎሚ! ሌንስ ከሌላችሁ ያለቀ የሶፍት ካርቶን አንሱና ዘንበል አድርጋችሁ በውስጡ እዩ። ዳር ያለችው ጧፍ ሌንሴን የምታየው እንደዚያ በጎን ነው። እሷ የምታየው የቀዳዳው ቅርፅ ነው ፎቶው ላይ የሚሳለው። ፎቶ አንሺዎች "የድመት ዓይን" ይሉታል።

አምስት ማዕዘኑም ከዚያው የመጣ ነው። አፐርቸሩን፣ ማለትም ያንን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ሲያጠብቡት ቀዳዳውን የሚዘጉት ምላጭ የሚመስሉ ስስ ብረቶች ናቸው። የኔ ሌንስ አምስት አላት። ሰባት ወይም ዘጠኝ ያላቸው፣ ጠርዛቸውም ጎበጥ ያለ፣ ወደ ክብ ይጠጋሉ። አፐርቸሩ ሲጠብ ሎሚው ይጠፋል፤ ምክንያቱም ትንሹን ቀዳዳ ጠርዞቹ አይደርሱበትም። በምትኩ ማዕዘን ይመጣል። ምርጫው የናንተ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ ታስታውሳላችሁ? ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። አዲስ አበባ ደግሞ ዛፍ ሥር በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ብርሃን መሬቱን በማጭድ ሞላው። የኔ ነገር የዚያ ግልባጭ ነው። እዚያ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የፀሐይዋን መልክ ሳለ። እዚህ መብራቱ ነጥብ ስለሆነች የቀዳዳውን መልክ ሳለች። ይሄ ሲገባኝ ካርቶን በልብ ቅርፅ ቆርጬ ሌንሷ ላይ ለጠፍኩ። ከኋላ ያሉት መብራቶች ሁሉ ልብ ሆኑ። ከፎከሱ ወዲህ፣ ለካሜራው ቀርቦ የነበረው መብራት ግን ልቡ ተዘቅዝቆ ወጣ። ያንን አልጠበቅኩም ነበር። ለካ ብርሃኑ ፎከስ የሚሆንበት ነጥብ ላይ ይሻገራል፤ የኋላው ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ጋ ሳይደርስ ተሻግሯል፣ የፊተኛው ገና አልተሻገረም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብዥታ ሁሉ መመርመር ሆነ ሥራዬ። የጓደኛዬ ዙም ሌንስ ክቦቹ ውስጥ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ያሳያል። እሱ የሚመጣው አስፌሪካል ከሚባለው፣ ጉብታው ከኳስ ቅርፅ ከሚለየው መስታወት ነው፤ መስታወቱ የተጨመቀበት ቅርፅ ማውጫ ላይ ያሉት ጥቃቅን የመሣሪያ ጭረቶች መስታወቱ ላይም ይታተማሉ። መስታወት የሚያንጸባርቅባቸው ባለ 500 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ቦምቦሊኖ ይሠራሉ፤ መሃላቸው ላይ ትንሽ መስታወት ተቀምጦ ብርሃን ስለሚከልል ነው። ሄሊዮስ 44-2 የተባለውን የሶቪየት ሌንስ ደግሞ ሰዎች ለዚያ ለሚሽከረከረው ብዥታ ብለው ፈልገው ይገዙታል። እኔ ልከፍልበት የነበረውን "ብልሽት" ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ በእውነት ተሸወድኩ። ቀን፣ በዛፍ ቅጠል መሃል ፀሐይ እየገባች፣ በሰከንድ 1/4000 ሳነሳ ክቦቹ በአንድ ጎን በቢላ እንደተቆረጡ ሆኑ። ሌንሷን ሳገላብጥ ዋልኩ። ጥፋቱ ግን ለሴንሰሩ ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋው የሹተሩ ነበር። አንዱ መጋረጃ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። የመጀመሪያው መጋረጃ ኤሌክትሮኒክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ብረት ነው፤ ከሴንሰሩም ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲበዛ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ብርሃኑን ከጎን ይቆርጣል። ሁለቱም መጋረጃ ብረት የሚሆንበት ሙሉ ሜካኒካል ላይ ሳደርገው ክቦቹ ተመለሱ።

አሁን ደመራ ላይ ልጆቹን ሆን ብዬ መሃል አቆማቸዋለሁ፤ ሎሚዎቹ እንዲከቧቸው። ግን በየክቡ ውስጥ አንዲት ቀጭን ጥላ አለች፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ወደ ግራ ጠመም ብላ። ሌንሷ ውስጥ የገባች ፀጉር ናት። እሷን ለማውጣት ሌንሷ መፈታት አለባት፤ እስካሁን አልደፈርኩም።