የእናቴ ጫማ

የስኳር ሕመም ላለባት እናቴ ከውጭ አገር በኢንተርኔት ያዘዝኩት ሰፊ ጫማ ዛሬ ጅማ ደረሰልኝ። ደስታዬ ግን የሂሳብ ወረቀቱን እስካይ ድረስ ነበር። ለካ ቀረጥ የሚሰላው በጫማው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመራሉ። ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ሁሉ ድምር ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር። በከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ ሲሰላ የ100 ብር ዕቃ ከ170 ብር በላይ ይሆናል! ሻጩ አስቀድሞ ቢያሳውቀኝ ምን ነበረበት? ሂርማታ ገበያን ስንት ቀን ዞሬ፣ ለእግሯ የሚሆን አጥቼ ነው ያዘዝኩት። ከፈልኩ። ማታ እግሯን አጥቤ አጠለቅሁላት። ጣቶቿን ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰችና «አልጠበበኝም፣ ልጄ» አለችኝ።