በብሊትዝ ሰዓቱ የት ነው የሚሄደው?

ብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ቼዝ) ላይ ሬቲንጋቸው (የተጫዋች ደረጃ ነጥባቸው) አልንቀሳቀስ ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንድ አይነት ነገር ነው የሚሉት፣ «ቦታዬ እኮ አሪፍ ነበር፣ ሰዓት ነው የበላኝ»። ታናሽ ወንድሜም ይሄንኑ ሲለኝ ከረመ። ሊቼስ (ነፃ የቼዝ ድረገፅ) ላይ 3+0 ነው የሚጫወተው፣ ማለትም ለሙሉ ጨዋታው 3 ደቂቃ ያለ ጭማሪ፣ 1400 አካባቢ ከደረሰ ቆይቷል፣ ትንሽ ይወጣል ትንሽ ይወርዳል ዞሮ ዞሮ እዛው ነው። እስቲ ጨዋታዎችህን አምጣቸው አብረን እንያቸው አልኩትና ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም አንድ በአንድ ከፈትናቸው። አይተን ስንጨርስ ለኔ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ነገር ቢኖር ሰዓቱ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ እንዳልሆነ ነው። መጨረሻ ላይ ማለቁ ይታያል እንጂ የጠፋውስ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሙቭ (እንቅስቃሴ) ባለው ነው፣ ገና ምንም ሳይፈጠር።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራው። 3+0 ማለት 180 ሰከንድ ነው፣ ጨዋታው 40 ሙቭ ቢሄድ ለአንድ ሙቭ 4 ሰከንድ ተኩል ይደርስሃል። 3+2 ከሆነ ግን በየሙቩ 2 ሰከንድ ስለሚጨመር በ40 ሙቭ 260 ሰከንድ ይሆናል፣ ለአንዱ 6 ሰከንድ ተኩል ማለት ነው። የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮና ላይ እንደ ማግነስ ካርልሰን ያሉ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች የሚጫወቱት በዚሁ በ3+2 ነው። እኛ ከነሱ ያነሰ ሰዓት ይዘን ከነሱ የበለጠ ለማሰብ የምንሞክርበት ምክንያት አይገባኝም። (በነገራችን ላይ 10 ደቂቃ ጨዋታ በዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ህግ ብሊትዝ ነው፣ ሊቼስና ሌላው የቼዝ ድረገፅ ቼስ ዶት ኮም ላይ ግን ከብሊትዝ ቀስ በሚለው በራፒድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ስለ ብሊትዝ ሲያወራ ስለ አንድ ነገር ላያወራ ይችላል።)

ሊቼስ ላይ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አናሊሲስ ስትገቡ ሙቭ ታይምስ የሚል ቦታ አለ፣ እያንዳንዱ ሙቭ ላይ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በግራፍ ያሳያል። ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ ስቶክፊሽ (ሙቮቹን የሚመዝን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ኢንጂን) ነው የሚሮጠው፣ ይሄን ግን ማንም አያየውም። የወንድሜን ስናይ ከጨዋታ ጨዋታ ተመሳሳይ ነው። አንዱን ልንገራችሁ፣ ነጭ ይዞ፣ 9ኛው ሙቭ ላይ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን መጫወቻ) ኢ2 ሳጥን ላይ ላድርገው ወይስ ዲ3 እያለ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ኢንጂኑን ብንጠይቀው የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ወታደር ሩብ እንኳን አይሞላም፣ በዛ ደረጃ ደግሞ ሩብ ወታደር ማለት ምንም ማለት ነው። ከዛ 11ኛው ላይ ሌላ አስራ ምናምን ሰከንድ፣ ሩኩን (በቀጥታ መስመር የሚሄደውን) የትኛው መስመር ላይ ላቁም ብሎ። እና 31ኛው ሙቭ ላይ አንድ ሩክ በልጦ፣ በትክክል ያሸነፈውን ጨዋታ፣ ሶስት ሰከንድ ቀርቶት ፈረሱን አስበላ፣ ከዛ ሰዓቱ አለቀ። ደሞዙን በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጨርሶ ሃያ አምስት ላይ ለምን ይርበኛል እንደሚል ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነበር፣ ሁለት ጥሩ ሙቭ ካየህ አንዱን ተጫወት ጨርስ። እጅህ ይሂድ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ኢንጂኑ ይነግርሃል፣ ያኔ ደግሞ ለዘላለም ታውቀዋለህ። የምታስበው ነገር ሲቀየር ነው፣ ማለትም ሰው (የቼዝ መጫወቻ) ሊበላላ ሲል፣ ንጉሱ አካባቢ ወታደር ሲከፈት፣ ንግስት ልትለዋወጥ ስትል (ንግስቶቹ ከወጡ በኋላ ያለው ኢንድጌም፣ የጨዋታው መጨረሻ ክፍል፣ ለማን ነው የሚሆነው የሚለው ጥያቄ አስር ሰከንድ ይገባዋል፣ አስራ አምስትም ይገባዋል)። እንደዚህ አይነት ቦታ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሶስት አራት ጊዜ ቢመጣ ነው። ሰዓትህን ለነዚህ አስቀምጥ።

ሁለተኛው ነገር ብላንደሮቹ (ከባድ ስህተቶቹ) ናቸው። የ1400 ተጫዋች ጥልቅ ኮምቢኔሽን (የብዙ ተከታታይ ሙቭ ስሌት) ስላላየ ነው የሚሸነፈው ብላችሁ ካሰባችሁ ጨዋታዎቹን ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ አይደለም። ጠባቂ የሌለው ቢሾፕ ጥሎ ሄደ፣ ፈረስ ንጉስና ሩክ ላይ ፎርክ ሰራበት (ሁለቱን በአንዴ ነካበት)፣ መጨረሻ መስመር ላይ ንጉሱ መተንፈሻ አጥቶ ማት ሆነ፣ በቃ እነዚህ ናቸው እየተደጋገሙ የሚመጡት። ሁሉንም ደግሞ ፓዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) ላይ ብትሰጠው በሁለት ሰከንድ ይፈታቸዋል። ችግሩ ተጋጣሚው ሙቭ ሲያደርግ እሱ የራሱን እቅድ እያየ መሆኑ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ይሄ ሙቭ አሁን ምን ነካብኝ? ይሄን ለመጠየቅ አንድ ሰከንድ ይበቃል፣ ግን በየሙቩ መጠየቅ አለበት፣ ሰዓት ሲያጥር ደግሞ የበለጠ።

ኦፕኒንግ (የጨዋታው አጀማመር) ላይ ሰው ብዙ ይደክማል፣ ቪድዮ ይቀይራል፣ ዛሬ ካሮ ካን ነገ ሲሲሊያን። እኔ ለብሊትዝ የምለው በነጭ አንድ፣ በጥቁር ነጩ በኢ4 ሲጀምር አንድ በዲ4 ሲጀምር አንድ፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት አትንኩት። ወንድሜ ለንደን ሲስተም ነው የሚጫወተው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ተጋጣሚውን ሳያይ ይሮጥና ጥቁሩ ሲ5 ገፍቶ ንግስቱን ቢ6 አምጥቶ ቢ2ን ሲነካበት ይደነግጣል፣ እዛ ጋር ነው ሰዓቱ የሚፈስሰው። ይሄ ሙቭ በየስንት ጨዋታው የሚመጣ ነገር ነው እኮ! አንዴ ቁጭ ብሎ መልሱን ቢያጠና ከዛ በኋላ በሰከንድ ይመልሰዋል። ማጥናት ያለብን መፅሀፍ ላይ ያለውን ረጅም መስመር ሳይሆን እኛ ላይ በተደጋጋሚ የሚመጣውን ነው፣ ሊቼስ ደግሞ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር ላይ የራስህን ጨዋታዎች ብቻ መርጠህ የት ቦታ ላይ እንደምትሸነፍ ያሳይሃል፣ በነፃ።

እዚህ ጋር ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። የኛ የጥንቱ ሰንጠረዥ (የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ) ላይ ወረራ የሚባል መጀመሪያ አለው፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል እኩል የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ። በጣም ነው ደስ የሚለኝ ይሄ ህግ። ምክንያቱም እጅህ እየፈጠነ አይንህ ግን ተጋጣሚህ ምን እያሰለፈ እንደሆነ ላይ መሆን አለበት፣ እሱ ሲቀይር አንተም ትቀይራለህ። የብሊትዝ ኦፕኒንግ የሚፈልገውም በትክክል ይሄንን ነው።

ፓዝል ላይ ደግሞ ከባዱን አትፈልጉ። ከባድ ፓዝል ለረጅም ጨዋታ ይጠቅማል፣ ለብሊትዝ የሚጠቅመው ቀላሉን ያለ ማሰብ እስክታዩት ድረስ መደጋገም ነው። ሊቼስ ላይ በየርዕሱ ተከፋፍሏል፣ በአንድ ሙቭ ማት፣ በሁለት ሙቭ ማት፣ ፎርክ፣ ፒን (ከኋላው ያለውን እንዳያጋልጥ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው)፣ ጠባቂ የሌለው ሰው። ፓዝል ስቶርም ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ የቻልከውን ያህል መፍታት ነው፣ ከብሊትዝ በፊት ለማሟሟቅ ከሱ የተሻለ አላየሁም።

ኢንድጌም ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ። ንጉስና ሩክ ይዘህ ባዶ ንጉስን ማት ማድረግ ከየትኛውም ቦታ ብትጀምር በትክክል ከተጫወትክ ከ16 ሙቭ አይበልጥም፣ በንግስት ከሆነ ከ10 አይበልጥም። ይሄን 20 ሰከንድ ላይ መስራት ካልቻልክ ጨዋታውን ማሸነፍህ ገና አልተረጋገጠም። ከኢንጂን ጋር ደጋግመህ ተለማመደው፣ ያሰለቻል ግን ይከፍላል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሰዓትህ ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚህ የቀረው ንጉስና አንድ ወታደር ከሆነ ወታደሩን ብላበት! ባዶ ንጉስ ማት ማድረግ ስለማይችል ሰዓትህ ቢያልቅም አቻ ነው የሚሆነው።

ኔትወርክ ጉዳይም አለ፣ በተለይ በሞባይል ዳታ ለምንጫወት። ሊቼስ የኔትወርክ መዘግየትን በተወሰነ መጠን ያካክሳል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ኮኔክሽኑ በሚቆራረጥበት ሰዓት 3+0 መጫወት ራስን መቅጣት ነው፣ ኢንክሪመንት (በየሙቩ የሚጨመር ሰከንድ) ያለው ይሻላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወታደር መጨረሻ መስመር ሲደርስ ወዲያው ንግስት እንዲሆን አድርጉ። ፕሪሙቭም (ተራህ ሳይደርስ ሙቭህን ቀድመህ ማዘዝ) ተለማመዱ፣ ሊቼስ ላይ ምንም ሰዓት አይቆርጥም ቼስ ዶት ኮም ላይ የሰከንድ አንድ አስረኛ ነው የሚቆርጠው፣ ግን መልሱ አንድ ብቻ ሲሆን ብቻ፣ ለምሳሌ ሰው ሲበላብህ መልሰህ ስትበላ።

ስለ ሬቲንግ ደግሞ፣ በሬቲንግ ሂሳብ 100 ነጥብ የምትበልጠውን ሰው 10 ጊዜ ብትገጥመው የሚጠበቅብህ 6 ነጥብ ተኩል አካባቢ ነው፣ ማለትም ከሱም ጋር ሶስት አራቱን ብትሸነፍ ጤነኛ ነገር ነው። ወንድሜ ግን ከሱ ባነሰ ሰው ሲሸነፍ ይናደዳል፣ ነጥቡን ለማስመለስ ይጫወታል፣ እንደገና ይሸነፋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተጫወታቸውን ስናይ በጣም ነው ያሳዘነኝ ምክንያቱም ቀን ላይ የሚጫወተው ልጅ አይደለም። ሁለት ተከታታይ ከተሸነፍክ ዝጋው አልኩት። ሊቼስ ላይ ዜን ሞድ የሚባል አለ፣ ስሙንም ሬቲንጉንም ይደብቅልሃል፣ ቦርዱ ብቻ ይቀራል፣ እሱን ከፈትንለት።

ከሁሉም በላይ ግን ብሊትዝ ብቻ በመጫወት ብሊትዝ ይሻሻላል ብዬ አላምንም፣ ያለህን ልማድ ያጠነክርልሃል፣ መጥፎውንም ጭምር። በሳምንት የተወሰኑ 15+10 ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ፣ ማሰብ የሚለመደው እዛ ነው። አሜሪካዊው ግራንድማስተር ዳንኤል ናሮዲትስኪ በጥቅምት 2025 በ29 አመቱ ሲያርፍ የቼዝ ሰው ሁሉ ያለቀሰው ያለምክንያት አልነበረም፣ በዛው አመት ነሐሴ ላይ የአሜሪካ ብሊትዝ ሻምፒዮናን 14 ከ14 አሸንፎ የነበረ ሰው ነው፣ ግን እዛ ደረጃ ላይ ሆኖ ከዝቅተኛ ሬቲንግ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ለምን ይሄን ሙቭ እንደመረጠ በትዕግስት የሚያስረዳባቸው ቪድዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ አሉ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ቦርዱን እያያችሁ ተከታተሉት። እኔ ከሱ የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ወንድሜ አሁን ወደ 3+2 ዞሯል፣ የተሸነፈውን ጨዋታ ሌላ ከመክፈቱ በፊት ሙቭ ታይምሱን ያየዋል። ሬቲንጉ ገና ብዙም አልተንቀሳቀሰም። 20ኛው ሙቭ ላይ ሲደርስ ግን የሱ ሰዓት ከተጋጣሚው መብለጥ ጀምሯል፣ እኔም የምከታተለው እሱን ቁጥር ነው።