7 ቀን ከበቃ ለምን 14?

ሆስፒታል ለተኛ ሰው ተጨማሪ አንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም። መርፌው የተተከለበት ክንድ ያብጣል፣ ሆድ ይበላሻል፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም ይበረታሉ።

ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ ብዙ ሐኪሞች 14 ቀን ያዝዙ ነበር። ለምን 14? በአብዛኛው ከልማድ ነው፣ ባክቴሪያ እንደሆነ ሳምንት አይቆጥር!

እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የወጣው ባላንስ የተባለ ጥናት በጣም ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። በ7 አገሮች፣ በ74 ሆስፒታሎች የተኙ 3,608 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን 7 ቀን፣ ገሚሱን 14 ቀን አከመ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ ናቸው። በ90 ቀን ውስጥ 7 ቀን ከታከሙት 14.5 በመቶ፣ 14 ቀን ከታከሙት 16.1 በመቶ ሞቱ። አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ አላነሰም ማለት ነው።

ለሁሉም ግን አይሠራም። ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ የያዛቸው ሰዎችም ሆኑ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ክፉኛ የተዳከመ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ሐኪሙን ግን «ስንት ቀን ነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት።