ኮንክ፦ በዱርዱ ሸለቆ ያለች ጥንታዊት መንደር

በደቡብ ፈረንሳይ ከምትገኘው ከሮዴዝ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ ቀይ አፈር ባለው የማርሲያክ የወይን አገር ካለፈ በኋላ፣ ሸለቆው እየጠበበ ተራራውም እየቀረበ ይሄድና ተጓዡን ከዱርዱ ወንዝ ዳር ያደርሰዋል። ኮንክ የተቆረቆረችው ይህ ወንዝ ኡሽ ከምትባል ትንሽ ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ በላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ ነው። መንደሪቱን ከወንዙ ማዶ ካለው ከባንካሬል ከፍታ ላይ ሆኜ ስመለከታት፣ ለእርሻ የሚሆን ሜዳ በሌለበት በዚህ ጠባብ ሥፍራ ይህን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደታነጸ ራሴን ጠየቅሁ። ቤቶቹ አንዱ ከሌላው ራስጌ ተደርድረዋል፤ ግድግዳቸውም ሆነ የጣሪያቸው ንጣፍ ከዚያው ተራራ ከተፈለጠ ግራጫ ድንጋይ የተሠራ በመሆኑ፣ መንደሪቱ ከተራራው የበቀለች ትመስላለች። ቢጫ ድንጋይ የለበሰው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከመካከላቸው ጎልቶ ይታያል።

የጥያቄዬ መልስ ያለው በታሪኳ ውስጥ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ዳዶን የተባለ ባሕታዊ ከዓለም ርቆ ለመኖር ወደዚህ ሸለቆ መጣ፤ ደቀ መዛሙርት ተከተሉትና ገዳም ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ819 የፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት የነበረው የሻርለማኝ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሉዊ ለገዳሙ ርስት ሰጠ። ይሁን እንጂ ገዳሙ በወቅቱ ምእመናንን የሚስብ የቅዱስ ዓፅም አልነበረውም። እንደሚተረከው፣ አንድ የኮንክ መነኩሴ ወደ አዣን ከተማ ተልኮ፣ በዚያ ለዓመታት እንደ ታማኝ አገልጋይ ከኖረ በኋላ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገና በልጅነቷ በሰማዕትነት ያረፈችውን የቅድስት ፏን ዓፅም በ866 ገደማ ሰርቆ አመጣ። ገዳሙ ድርጊቱን የቅድስቲቱ ፈቃድ ነው ብሎ ተቀበለው። እኔ ይህን ትረካ በቀላሉ ልቀበለው አልቻልኩም፤ ሆኖም ኮንክ ኮንክ የሆነችው በዚህ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ከፈረንሳይዋ ለ ፕዊ ከተማ ተነስተው፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር እንዳለበት ወደሚታመነው በስፔን ወደሚገኘው ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግራቸው የሚጓዙ ተሳላሚዎች ከ200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ እዚህ ማረፍ ጀመሩ፤ ዛሬም ቦርሳቸውን ተሸክመው በጠባቡ ጎዳና ሲገቡ አይቻቸዋለሁ።

አሁን የቆመው ቤተ ክርስቲያን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ በ12ኛው የተጠናቀቀ ነው። ከምዕራቡ በር በላይ ባለው የግማሽ ክብ ድንጋይ ላይ የመጨረሻው ፍርድ ተቀርጿል፤ የቅርጹ ሰዎችና መላእክት 124 ናቸው። ክርስቶስ በመካከል ተቀምጦ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ግራውን ወደ ታች ዝቅ አድርጓል። በቀኙ እመቤታችን፣ መክፈቻ የያዘው ጴጥሮስ፣ ባሕታዊው ዳዶንና ሻርለማኝ ሳይቀር በሰልፍ ይታያሉ፤ ሻርለማኝ በእጁ ተይዞ የሚመራ ደካማ ሰው ሆኖ መቀረጹ አስገርሞኛል። በግራው በኩል ትዕቢተኛው ባላባት ከፈረሱ ይወድቃል፣ ስስታሙ ከረጢቱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተሰቅሏል፤ ከታች ቅዱስ ሚካኤል ነፍስን ሲመዝን ዲያብሎስ ሚዛኑን ለማጋደል በጣቱ ይጫነዋል። በጎን ደግሞ ቅድስት ፏ ተንበርክካ ስትጸልይ ከደመና የወጣች የእግዚአብሔር እጅ ትነካታለች፤ ከኋላዋ የተሰቀሉት የእግር ብረቶች በአማላጅነቷ የተፈቱ እስረኞች ያመጧቸው ስለቶች ናቸው። ማንበብ ለማይችል የመካከለኛው ዘመን መንገደኛ ይህ ሁሉ ሙሉ ስብከት ነበር። በአንዳንድ ምስሎች ላይ የሰማያዊና የቀይ ቀለም ርዝራዥ እስከ ዛሬ ስለሚታይ፣ ቅርጹ አዲስ ሳለ ምን ያህል ያሸበረቀ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ንዋየ ቅድሳቱ በተለየ ቤት ይጠበቃሉ። ከሁሉ የሚልቀው የቅድስት ፏ ሐውልት ነው፤ ውስጡ እንጨት ሆኖ በወርቅ የተለበጠ፣ በዘመናት መካከል ተሳላሚዎች በሰጧቸው ዕንቁዎች ያጌጠ፣ 85 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ምስል ነው። የፊቱ ክፍል ከሐውልቱ ራሱ የሚቀድም፣ በሮማውያን የመጨረሻ ዘመን የተሠራ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ሊቅ በርናር ዘአንዤ በመጀመሪያ ምስሉን እንደ ጣዖት ቆጥሮ ነቅፎት ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ የቅድስቲቱን ተአምራት የጻፈ እርሱ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት ወርቅና ብር ተሰብስቦ ሲቀልጥ፣ የኮንክ ነዋሪዎች ንዋየ ቅድሳቱን ተከፋፍለው በየቤታቸውና በየጓሯቸው ደበቁ፤ አደጋው ሲያልፍ መለሱ። በእኔ እምነት የመንደሪቱ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው። ድሃ ገበሬዎች ወርቅ በእጃቸው ገብቶ ሳለ እንደ አደራ ጠብቀው መመለሳቸው ሐውልቱን ስመለከት ከወርቁ ይልቅ ልቤን ነካው።

ከአብዮቱ በኋላ ሕንጻው ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 የታሪካዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፕሮስፔር ሜሪሜ ጎብኝቶት መንግሥት እንዲጠብቀው አሳሰበ፣ ጥገናውም ተከተለ። በ1873 ፕሬሞንትሬ የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት ገቡ፤ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው እስከ ዛሬ ተሳላሚዎችን ይቀበላሉ። ከ1987 እስከ 1994 ደግሞ የሮዴዝ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ፒየር ሱላዥ 104 መስኮቶችን በአዲስ መስታወት ሠራ። መስታወቱ ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ውጭውን አያሳይም፤ ሥዕልም ቀለምም የለበትም፣ ያሉት ጎበጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሥራውን የተቃወሙ ነበሩ። እኔ ግን 22 ሜትር ከሚደርሰው ጣሪያ ሥር ቆሜ ብርሃኑ ከሰዓት ሰዓት ሲለዋወጥ ስመለከት፣ ሠዓሊው ለድንጋዩ ክብር የሰጠ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑና በዱርዱ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ በፈረንሳይ ምድር ከሚገኙት የኮምፖስቴላ መንገዶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መንደሪቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአጎራባች ቀበሌዎች ጋር ተዋህዳ ኮንክ አን ሩዌርግ በሚል ስም ትተዳደራለች፤ በአሮጌዎቹ ቤቶች የሚኖሩት ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። በመስከረም መጨረሻ (በኦክቶበር መጀመሪያ) በቅድስቲቱ በዓል ሰሞን መሄድ የሚችል ሰው ዑደቱን ያያል። በሌላ ጊዜ የሚሄድ ደግሞ አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል፤ የቀኑ ጎብኚ ከተመለሰ በኋላ፣ ማታ አንድ መነኩሴ በበሩ ፊት ቆሞ የፍርዱን ቅርጽ ለተሰበሰበው ሰው ያብራራል።