ከጣርማበር ቁልቁል፣ ባልጩት ፍለጋ

ሰሜን ሸዋ የምንሄደው ባልጩት፣ የጥንት ሰው መሣሪያ ይሠራበት የነበረውን መስታወት መሰል ድንጋይ፣ ፍለጋ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ የደብዳቤ ነው። የቅርስ ባለሥልጣኑ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ ይጽፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ደግሞም ማኅተም ሳይዝ ዋሻ ደጃፍ ላይ አካፋ ያነሳ ሰው ወርቅ ፈላጊ ከመባል አያመልጥም።

ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ታች ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር አይሞላም። ደጋው ሲበርድ ወደ ቆላ፣ ቆላው ሲደርቅ ወደ ደጋ ለሚል አዳኝ ከዚህ የተሻለ አገር የት አለ? ደጋው ለጥንቱ ሰው አይመችም የሚለው አስተሳሰብ በባሌው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ተናግቷል። እዚያ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እየተመላለሱ ኖረው፣ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል። ሰሜን ሸዋም ስምጥ ሸለቆው ዳር ላይ የተቀመጠ ደጋ ስለሆነ ቁልቁለቱን በእግር መፈተሽ ያዋጣል።

አሰሳው ከጥር ወዲያ ይሻላል፤ አዝመራው ተነስቶ መሬቱ ይታያል። በአምስት ሜትር ልዩነት ተሰልፈን እንሄዳለን። ባልጩት ሲገኝ ለፀሐይ አዙሮ ማየት ነው። ሰው የመታው ከሆነ ምቱ ካረፈበት ጠርዝ ሥር ትንሽ እብጠት ይኖረዋል፤ ከእብጠቱም ጠጠር እንደወደቀበት ኩሬ ሞገድ ይሰፋል። ማረሻና የበሬ ሰኮናም ጠርዝ ስለሚሸራርፉ ያሳስታሉ። ልዩነቱ፣ የእነሱ ስብራት ትኩስ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የጥንቱ ደብዝዟል።

ቦታውን ስንመዘግብ አንድ ወጥመድ አለ። የቀድሞዎቹ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ ልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ይሠራል። ሁለቱን ማቀላቀል ቦታውን 200 ሜትር ገደማ ያዛንፋል። በገደል አገር 200 ሜትር ማለት ሌላ ዋሻ ነው።

ዋሻውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እረኛው ነው። ችግሩ፣ ፍየሎቹም ያውቁታል። ላይኛው ንጣፍ በጠጥ ነው፤ እሱን ሳያጸዱ የተነሳ ከሰል ዕድሜው የትናንት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በታች አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተለክቶ፣ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እየተገፈፈ፣ አፈሩ ሁሉ በሦስት ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። አፈሩ ለስለስ ብሎ ቀለሙ የተለየ ክብ ነገር ከታየ የፍልፈል ጉድጓድ ነው፤ ለብቻው ይወጣል። ያኔ ምሳ ነበር፣ ዛሬ ንጣፍ ያተራምሳል! ከሰሉ በእጅ ሳይነካ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል። ከ50,000 ዓመት ካለፈ ግን ካርቦን አያነበውም። ያኔ የብረት ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ተመትቶ፣ ብርሃን ሳያገኘው ጫፉ ይታሸጋል፤ አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበት ዘመን የሚለካው በቤተ ሙከራ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንዱ ንጣፉን፣ አንዱ አጥንቱን፣ ሌላው የባልጩቱን ምንጭ፣ ማለትም ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ያያል። ምንጩ በኤክስሬይ መሣሪያ ይለያል፤ ድንጋዩም አይጎዳም። በጣም ትንሽና ቀጭን ከሆነ ግን ንባቡ አይታመንም። ግኝቱ በሙሉ አዲስ አበባ ይገባል፤ ናሙና ውጭ የሚሄደው በተለየ ፈቃድ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፋል። የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል፤ ስሙ የጠፋ ባልጩት ደግሞ ከመንገድ ጠጠር አይለይም።